ዲኤንኤን የሚጠግን ኢንዛይም ከሆነ ለምን ይታገዳል? ስለ ፓርፕ-1 እና ስለ ኦላፓሪብ

ታናሽ እህት

ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ እህቴ ሜሪላንድ ውስጥ ትኖራለች። ባለፈው ዓመት የኦቫሪ ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ኬሞቴራፒውንም ጨረሰች፤ እግዚአብሔር ይመስገን አሁን በምርመራ የሚታይ ዕጢ የለም። የዘረመል ምርመራዋ ግን ብራካ-1 በሚባለው ጂን ላይ በዘር የተላለፈ ለውጥ እንዳለባት ስላሳየ፣ ሐኪሞቿ ኦላፓሪብ የተባለ እንክብል ጠዋትና ማታ እንድትወስድ አዘዙላት።

እንክብሉ ፓርፕ የተባለ ኢንዛይምን እንደሚያግድ ተነገረን። ቤት ገብቼ ሳነብ ደግሞ ፓርፕ የተጎዳ ዲኤንኤን በመጠገን የሚሳተፍ ኢንዛይም መሆኑን አገኘሁ። ካንሰር የሚነሣው ዲኤንኤ ሲበላሽ አይደለም እንዴ? ታዲያ ጠጋኙን አግዶ ካንሰርን መከላከል ምን ማለት ነው? ጤነኛ የሆኑት የሰውነቷ ሕዋሳትስ? እህቴ በዚህ ጉዳይ በጣም ተጨንቃለች፤ መድኃኒቱን ለመተው ያሰበችበትም ጊዜ አለ። የሚያውቅ ሰው ሰፋ አድርጎ ቢያስረዳኝ ለእርሷ አነብላታለሁ።

የጣና መምህር

ለእህትዎ ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድላት። መድኃኒቱን ከሐኪሟ ሳትመክር እንዳትተው አደራ። ባዮኬሚስትሪ ነው የማስተምረው፤ ከኢንዛይሙ ልነሣ፣ ያለ እርሱ መልሱ አይገባምና።

በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጉዳት ዲኤንኤ ላይ ይደርሳል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ሲጋራና ጨረር ብቻ ይመስላቸዋል። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ግን በሕዋሱ ውስጥ ካለው ውሃና ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ነው። ዲኤንኤ በራሱ ጊዜ የሚፈርስ ሞለኪውል መሆኑን ካሳዩት ሰዎች ዋነኛው ስዊድናዊው ቶማስ ሊንዳል ሲሆን፣ በፈረንጆች 2015 ከፖል ሞድሪችና ከአዚዝ ሳንጃር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተጋራው በዚሁ ሥራ ነው። ከጉዳቶቹ መካከል በብዛት የሚታየው ከሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች የአንዱ ብቻ መሰበር ነው።

ፓርፕ-1 የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። 1,014 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ነው፤ በአንድ ወገኑ ዚንክ የያዙ ክፍሎች አሉት፣ በእነርሱም ስብራቱን ይለያል። ራሱ ጠጋኝ አይደለም። ስብራቱን ይይዝና ኤንኤዲ የተባለውን ሞለኪውል እየከፈለ በራሱና በአጠገቡ ባሉ ፕሮቲኖች ላይ ረጅም ሰንሰለት ይቀጥላል። ይህ ሰንሰለት ኤክስአርሲሲ-1 የተባለውን ፕሮቲን ይስባል፤ ከእርሱም ጋር ፖሊሜሬዝ ቤታና ላይጌዝ-3 የተባሉ ጠጋኝ ኢንዛይሞች ይደርሳሉ። የጎደለው ቤዝ (የዲኤንኤው ፊደል) ይሞላል፣ የተሰበረው ጫፍ ይገጠማል። ሰንሰለቱም ሆነ ዲኤንኤው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ ፓርፕ-1 ሰንሰለቱ ሲረዝም ከዲኤንኤው ይለቃል። ፓርግ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ሰንሰለቱን በደቂቃዎች ውስጥ ይበታትነዋል። ይህ ሁሉ እኛ ሳናውቀው አሁንም በሰውነታችን ውስጥ እየሆነ ነው፤ ለተማሪዎቼ ባስተማርሁት ቁጥር ያስደንቀኛል።

ሰንሰለቱ የተገኘው በ1963 ነው። ስትራስቡርግ ላይ ፒየር ሻምቦንና ባልደረቦቹ ዲኤንኤ ሲኖር ብቻ የሚሠራ አንድ እንግዳ ኢንዛይም አዩ። ለጥገና አስፈላጊ መሆኑ ጎልቶ የወጣው ግን ከዓመታት በኋላ፣ በ1980 ሲድኒ ሻልና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ብራካ-1 እና ብራካ-2 የሚሳተፉት በሌላ ዓይነት ጥገና ነው። ሁለቱም የዲኤንኤ ክሮች አብረው ሲሰበሩ፣ ገና የተባዛውን ሌላ ቅጂ አብነት አድርገው ያለ ስሕተት የሚያስተካክሉ እነርሱ ናቸው። እህትዎ ከወላጅዋ የወረሰችው አንድ የተበላሸ ቅጂ ነው። ከሌላው ወላጅ ያገኘችው ደኅነኛ ቅጂ በጤነኛ ሕዋሳቷ ሁሉ ውስጥ አለ፤ ጥገናውም ይካሄዳል። ካንሰር የሆነው ሕዋስ ግን ያንን ሁለተኛውን ቅጂም አጥቷል። ፓርፕ ሲታገድ ያልተጠገኑት ነጠላ ስብራቶች፣ ሕዋሱ ዲኤንኤውን ሲያባዛ ወደ ድርብ ስብራት ይለወጣሉ። ጤነኛው ሕዋስ በብራካ ይጠግናቸዋል። የካንሰሩ ሕዋስ መጠገኛ የለውም፣ ይሞታል።

ይህን በ2005 ሁለት የእንግሊዝ ቡድኖች በአንድ የኔቸር መጽሔት እትም ላይ አሳዩ፤ አንደኛው በአላን አሽዎርዝ የሚመራው የለንደኑ፣ ሁለተኛው በቶማስ ሄለዴይ የሚመራው የሼፊልዱ። ኦላፓሪብ በአሜሪካና በአውሮፓ የተፈቀደው በታኅሣሥ 2014 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ስለዚህ ለእህትዎ እንዲህ ይበሏት፤ መድኃኒቱ የተመረጠው የካንሰሩ ሕዋስ የጎደለውን በማየት ነው፤ ያ ጉድለት በጤነኞቹ ሕዋሳቷ ላይ የለም።

ፋርማሲስቱ

መምህራችን ያስቀመጡት የ2005ቱ ማብራሪያ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። ይህ ቢሆን ኖሮ ፓርፕ-1ን ጨርሶ ከሕዋሱ ማውጣትና በመድኃኒት ማገድ እኩል ውጤት በሰጡ ነበር። በቤተ ሙከራ የታየው ግን ሌላ ነው። ፓርፕ-1 ጨርሶ የሌለው ሕዋስ መድኃኒቱን ይቋቋማል። መድኃኒቱ እንዲገድል ኢንዛይሙ መኖር አለበት!

ምክንያቱ ይህ ነው። ኦላፓሪብ በኢንዛይሙ ውስጥ ኤንኤዲ የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ሰንሰለቱ አይሠራም፤ ሰንሰለቱ ካልተሠራ ደግሞ፣ መምህራችን እንዳሉት፣ ፓርፕ-1 ከዲኤንኤው አይለቅም። ስብራቱን እንደያዘ ይቀራል። በአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይ ተበላሽቶ የቆመ ከባድ መኪና መንገዱን እንደሚዘጋው፣ ዲኤንኤን የሚያባዙት ፕሮቲኖች መጥተው ይጋጩታል። ይህን በ2012 በግልጽ ያሳዩት ሙራይ፣ ፖሚየርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ፓርፕን ከሚያግዱት መድኃኒቶች መካከል ታላዞፓሪብ ኢንዛይሙን ዲኤንኤ ላይ አጥብቆ በመያዝ ቀዳሚ ነው፤ ቬሊፓሪብ ደግሞ ኢንዛይሙን ቢያግድም ዲኤንኤ ላይ እምብዛም አያስቀረውም። በትንሽ መጠን የሚሰጠው ታላዞፓሪብ ብርቱ የሆነው በዚህ ነው።

ይህ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም። የትኛው መድኃኒት የቱን ያህል መቅኔን እንደሚጎዳም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የጣና መምህር

ፋርማሲስቱ ያነሡት ቁም ነገር ነው፤ ለጠያቂያችን እንዲቀልላት ብዬ ነበር ያላነሣሁት። ሆኖም ኢንዛይሙ ዲኤንኤ ላይ ተይዞ መቅረቱ ሁሉንም ያስረዳል ማለትንም አልቀበልም። ዲኤንኤ ሲባዛ አንደኛው ክር የሚሠራው ቁርጥራጭ እየሆነ ነው፤ እነዚያ ቁርጥራጮች ሳይገጠሙ ሲቀሩም ፓርፕ-1 ይደርሳል። መድኃኒቱ ሲገባ በዚያ ክር ላይ የሚቀሩት ክፍተቶች ለካንሰሩ ሕዋስ መሞት ዋና ምክንያት ናቸው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ክርክሩ ገና ነው። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ፤ ብራካ የሌለው ሕዋስ ከሁሉም ይበልጥ ይጎዳል።

የስቶክሆልም ነርስ

በካንሰር ክፍል ነው የምሠራው። እህቴ፣ ሳይንሱን ወንድሞቻችን አስረድተዋል፤ እኔ በየዕለቱ የማየውን ልንገርሽ።

ጤነኛ ሕዋሳት ምንም አይሆኑም ማለት አይደለም። በቶሎ የሚባዙት የመቅኔ ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ ስለዚህ የደም ማነስ፣ ድካምና ማቅለሽለሽ በብዛት ይታያሉ። የደም ማነሱ የሚመጣው በከፊል መድኃኒቱ ፓርፕ-2ን፣ የፓርፕ-1ን ዘመድ፣ አብሮ ስለሚያግድ ነው፤ ፓርፕ-2 ለቀይ የደም ሕዋሳት መፈጠር ያስፈልጋል። ፓርፕ-1ን ብቻ ለይተው የሚያግዱ አዳዲስ መድኃኒቶች በሙከራ ላይ ናቸው። እስከዚያው ግን በመጀመሪያው ዓመት የደም ቆጠራ በየወሩ ይደረግ። ደሟ ቢያንስ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለጥቂት ጊዜ ያቆማል ወይም መጠኑን ይቀንሳል፤ ይህ ሲሆን «ሕክምናው ከሸፈ» ብላ እንዳትደነግጥ።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ሊደበቅ አይገባም። ከመቶ ታካሚዎች በአንድ ወይም በሁለት ላይ የመቅኔ ሕመም ወይም የደም ካንሰር ሊከተል ይችላል። ለዚህ ነው ቆጠራው የማይታለፈው። በሌላው ወገን ደግሞ ጥቅሙን ተመልከቺ። በ2018 የታተመው ሶሎ-1 የተባለው ጥናት እንደ እህትሽ የብራካ ለውጥ ያለባቸውንና የመጀመሪያውን ኬሞቴራፒ የጨረሱ 391 ሴቶችን ተከታተለ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት የቆዩት ኦላፓሪብ ከወሰዱት 60 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ እንክብል ከወሰዱት ደግሞ 27 በመቶ ነበሩ። በካንሰር ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ለሠራ ሰው እንዲህ ያለ ልዩነት ብርቅ ነው።

ለቤታችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። እንክብሉ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ ማቅለሽለሽ ካለ ግን ቀለል ያለ ነገር ቀምሶ መውሰድ ይረዳል። ጾም ስትጾም እስከ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ የምትቆይ ከሆነ፣ ሕመሟን ለንስሐ አባቷ ትንገር፤ በሕመም ላይ ያለ ሰው ፈቃድ አይነፈገውም። የረሳችውን እንክብል ለማካካስ ሁለት በአንድ ጊዜ አትውሰድ። ግሬፕፍሩት አትብላ፣ ጭማቂውንም አትጠጣ፤ የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ከአገር ቤት የሚላክላት ቅጠልና ሥር ካለም ሐኪሟ ይወቀው።

ጮራ

የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ፓርፕ-1 ኤንኤዲን እየከፈለ ይሠራል ከተባለ፣ ጉዳቱ ብዙ ሲሆን ኤንኤዲ አያልቅም? ኤንኤዲ ደግሞ ለሕዋሱ ኃይል ማመንጫ ያስፈልጋል። ለእርጅና ተብለው የሚሸጡት የኤንኤዲ ማሟያ እንክብሎችስ ከዚህ ጋር ይገናኛሉ?

የጣና መምህር

ጮራ፣ የነካኸው ከዚህ ኢንዛይም ታሪክ እኔን ከሁሉ የሚስበኝን ክፍል ነው።

ያልቃል። ጉዳቱ መጠነኛ ሲሆን ፓርፕ-1 ሕዋሱን ያድነዋል። ጉዳቱ ሲበዛ ግን ኢንዛይሙ ያለ ልክ ይሠራል፣ ኤንኤዲው ይሟጠጣል፤ የተጠራቀመው ሰንሰለትም ከሚቶኮንድሪያ (ከሕዋሱ ኃይል ማመንጫ) ኤአይኤፍ የተባለ ፕሮቲን እንዲወጣ ያደርጋል። ፕሮቲኑ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል፣ ሕዋሱም ይሞታል። ይህን የሞት መንገድ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠሩት ቴድና ቫሊና ዶውሰን ፓርታናቶስ ብለውታል። በ1997 የታተሙ ሥራዎች ፓርፕ-1 እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች የአንጎል ደም ዝውውር ሲቋረጥ የሚሞትባቸው የአንጎል ክፍል ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። እስቲ አስበው፤ ለአንጎል ጉዳት ጊዜ የኢንዛይሙ አለመኖር ጠቀመ!

በሰው ላይም ምስክር አለ። በ2017 እንግሊዝ ውስጥ በኪት ካልደኮት የሚመራው ቡድንና ተባባሪዎቹ በኤክስአርሲሲ-1 ጂን ላይ ለውጥ ያለባትን፣ ሚዛኗን መጠበቅና አካሏን በቅንጅት ማንቀሳቀስ ያቃታትን አንዲት ሴት ሕመም አጠኑ። ኤክስአርሲሲ-1 ሲጎድል ስብራቱ ሳይጠገን ይቆያል፣ ፓርፕ-1ም ከልክ በላይ ይነሣሣል። ተመሳሳይ ጉድለት ባላቸው አይጦች ላይ ፓርፕ-1ን ሲያስወግዱ የትንሹ አንጎል ሕዋሳት መጥፋት ቀነሰ፣ እንቅስቃሴያቸውም ተሻሻለ። ማለትም አንጎሉን የጎዳው ስብራቱ ብቻ አልነበረም፤ ለስብራቱ የተሰጠው ያልተገታ ምላሽም ነበር። ኢንዛይሙን «ደግ» ወይም «ክፉ» ብሎ መፈረጅ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ስለ ማሟያዎቹ፤ ኤንኤዲ በዕድሜ እየቀነሰ እንደሚሄድ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። ከዚያ ተነሥቶ «ይህን ዋጥና ትታደሳለህ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ለካንሰር በሽተኛ ደግሞ ከሐኪም ፈቃድ ውጭ ፈጽሞ አይመከርም፤ የካንሰር ሕዋስም ኤንኤዲ ይፈልጋል።

አድማስ

ይህን ክር ሳነብ ልቤ ተነካ። እናቴም አክስቴም አዲስ አበባ ላይ በጡት ካንሰር ነው ያረፉት፤ ሁለቱም ሃምሳ ዓመት አልሞላቸውም። እናቴ በታከመችበት ሆስፒታል «በቤተሰብ ውስጥ ይህ ሕመም የነበረበት አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም። ወረፋው ረጅም፣ ሐኪሙ ጥቂት፤ አልፈርድም። ግን ያኔ አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ታናናሽ እህቶቼ ዛሬ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። እኔ ወንድ ነኝ፤ ይህ ነገር እኔን ይመለከታል?

የስቶክሆልም ነርስ

ነፍሳቸውን ይማር ወንድሜ። አዎ፣ ይመለከትሃል።

የብራካ ለውጥ ከአባትም ከእናትም ይወረሳል። ለውጡ ካለበት ወላጅ የሚወለድ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ለውጡ ያለባት ሴት እስከ 80 ዓመቷ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ወደ 70 በመቶ ገደማ ነው፤ የኦቫሪ ካንሰር ዕድሏ በብራካ-1 ወደ 44፣ በብራካ-2 ወደ 17 በመቶ ይደርሳል። ወንዱ፣ በተለይ በብራካ-2፣ ለፕሮስቴት፣ ለቆሽትና ለጡት ካንሰር ይጋለጣል፤ ለልጆቹም ያስተላልፋል። «ከእናቴ ወገን ነው፣ እኔን አይነካም» የሚሉ ወንዶች ብዙ አይቻለሁ፤ ሴት ልጆቻቸው ናቸው ዋጋውን የሚከፍሉት።

ሁለት የቅርብ ዘመዶች ከሃምሳ ዓመት በታች መታመማቸው ራሱ በቂ ምክንያት ነው። ምርመራ ባይገኝ እንኳን እህቶችህ የቤተሰባቸውን ታሪክ ለሐኪም ተናግረው የጡት ክትትል ቀደም ብለው ይጀምሩ። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎች የሚመጡት ደግሞ ሕመሙ ከጠና በኋላ ነው። የቤተሰብን ሕመም የመደበቅ ልማዳችን በዚህ ጉዳይ ሰው ይገድላል። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልሁም።

የነታንያዋ

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። እዚህ ስለ ብራካ ብዙ ይወራል፤ ከአሽከናዚ አይሁዶች ከ40 ሰዎች አንዱ ከሦስቱ የታወቁ ለውጦች አንዱን ይሸከማልና። ለወገኖቼ ማስጠንቀቅ የምፈልገው ነገር አለ። እነዚያን ሦስት ለውጦች ብቻ የሚፈልግ ምርመራ አለ። ከኢትዮጵያ የመጣ ቤተሰብ በእርሱ ተመርምሮ «የለብህም» ቢባል፣ ሌላ ለውጥ የለበትም ማለት አይደለም። ጂኖቹን ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው ምርመራ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ።

ፋርማሲስቱ

የነታንያዋ እህታችን ያለችው ወርቅ ነው። አንድ ልጨምር። ጂኑ ሙሉ በሙሉ ሲነበብ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። ይህ በአፍሪካውያን ላይ በብዛት ይታያል፤ ለማነጻጸሪያ የተሰበሰበው መረጃ ባብዛኛው ከአውሮፓ ተወላጆች ነውና። እንዲህ ያለ ውጤት በሽታ አምጪ ነው ተብሎ ሊተረጎም አይገባም፤ በእርሱ ብቻ ተመሥርቶ ኦቫሪን ወይም ጡትን ማስወጣት ትልቅ ጥፋት ነው።

ታናሽ እህት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለእህቴ አነበብሁላት፤ ስለ ሁለቱ ቅጂዎች የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሐኪሟ እንክብሉን ለሁለት ዓመት ብቻ ትወስጃለሽ አላት። የሚረዳት ከሆነ ለምን ያቆማሉ?

ፋርማሲስቱ

ሁለት ዓመት የሆነው ጥናቱ እንዲያ ስለ ተሠራ ነው። በሶሎ-1 ዕጢ ያልታየባቸው ሴቶች ሁለት ዓመት ሲሞላ አቆሙ፤ ጥቅሙ ግን አብሮ አልቆመም። በሰባተኛው ዓመት ሲታይ በሕይወት የነበሩት ኦላፓሪብ ከወሰዱት 67 በመቶ፣ ካልወሰዱት 46.5 በመቶ ነበሩ። ረዘም ላለ ጊዜ መውሰድ ደግሞ ነርሷ የጠቀሰችውን የመቅኔ አደጋ ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ሌላው ምክንያት ካንሰሩ መላ መፈለጉ ነው። በ2008 እንደታየው፣ አንዳንድ ዕጢዎች በብራካ ጂን ላይ ሁለተኛ ለውጥ ያመጡና ጂኑ መልሶ እንዲሠራ ያደርጋሉ፤ ጥገናው ሲመለስ መድኃኒቱ ኃይል ያጣል። የአሰጣጡ ጊዜም ይወስናል። ኦላፓሪብ በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀደው ሦስትና ከዚያ በላይ ኬሞቴራፒ ለወሰዱ ሴቶች ነበር። በ2022 ግን በዚያ ደረጃ ላይ ላሉት ከኬሞቴራፒ ይልቅ ዕድሜን ሊያሳጥር እንደሚችል መረጃ ስለ ወጣ ያ ፈቃድ ተሰረዘ። ለእህትዎ የታዘዘው በመጀመሪያው ሕክምና ማግሥት ነው፤ ማስረጃው የጠነከረበት ቦታም ይኸው ነው።

ታናሽ እህት

አመሰግናለሁ። እኔም ለመመርመር ወስኛለሁ፤ ወንድማችንንም አሳምኜዋለሁ። ስንሄድ ምን እንያዝ?

የስቶክሆልም ነርስ

የእህትሽን የዘረመል ምርመራ ውጤት ሙሉ ወረቀት ያዙ፤ «ብራካ-1 አለባት» የሚል የቃል መልእክት አይበቃም። በወረቀቱ ላይ ለውጡ በጂኑ የትኛው ቦታ እንደሆነ በፊደልና በቁጥር ተጽፏል። ቤተ ሙከራው ያንኑ ቦታ በእናንተ ላይ ያየዋል። እዚያ ላይ ካልተገኘ፣ ከዚህ ለውጥ ነፃ መሆናችሁ በእርግጠኝነት ይነገራችኋል፤ ለልጆቻችሁም አይተላለፍም። ከተገኘ ደግሞ ለአንቺ ስለ ጡት ኤምአርአይና ልጅ ወልደሽ ከጨረስሽ በኋላ ኦቫሪን ስለ ማስወጣት፣ ለወንድምሽ ስለ ፕሮስቴት ክትትል የሚያማክራችሁ ሰው በዚያው ቀጠሮ ላይ እንዲኖር አስቀድማችሁ ጠይቁ።